ዳናኪል በ3 ቀን ፓኬጅ፦ ሾፌሩ 5 ኮከብ፣ ፕሮግራሙ 2

የአስጎብኚውን ስም አልጠራም፣ ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው እንጀራቸው ላይ መምጣት አልፈልግም። ግን ካሜራ ይዛችሁ የምትወርዱ ካላችሁ ይሄን አንብቡ።

እኔ ፎቶ የጀመርኩት በአባቴ ዜኒት ካሜራ ነው፣ 36 ፎቶ ያላትን አንድ ፊልም ወር ሙሉ እያብቃቃን። ከዛ ወዲህ ሰርግ አላነሳሁ ልደት አላነሳሁ፣ ሱሴ በረሃ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ማንሳት ብቻ ነው። ታህሳስ ላይ ነው የሄድኩት፣ ወሩ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ይቻላል።

መኪናው አሪፍ፣ ውሃ እንደልብ፣ ምግቡ ፓስታ ፓስታ እና ፓስታ። ማታ ሐመድ ኢላ መንደር ሜዳ ላይ በገመድ አልጋ መተኛቱን ወድጄዋለሁ። ዳሎልን ጠዋት አየን፣ ስለሱ ሁሉም ስለፃፈ ልለፈው።

ነገሩ አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ ንፋስ ከሌለ ሰማዩ እንዳለ መሬት ላይ ይተኛል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች ይላል፣ አፑ ግን በምዕራብ በኩል ያለውን ተራራ አያውቀውም፣ ፀሐይዋ ቀደም ብላ ከጀርባው ትገባለች። ጋይዱ መንገድ ላይ ቡና ምናምን ሲል 10 ደቂቃ ሲቀረን ደረስን፣ ከዛ ሰዉ ቢራውን ይዞ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ የኔ መስታወት ተሰባበረ ማለት ነው። የራሴም ጥፋት አለ፣ ፖላራይዘሩን (ነፀብራቅ የሚቀንሰውን ፊልተር) ሌንሱ ላይ ረስቼው ነፀብራቁን በልቶብኛል።

ፀሐይዋ ገባች፣ ጋይዱ "በቃ እንሂድ" አለ። ኧረ ወንድሜ አሁን ነው የሚጀምረው! ብርቱካናማው አልፎ ሐምራዊው የሚመጣው እኮ ከጠለቀች በኋላ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ቶሎ ይጨልማል፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው ያለህ።

ሾፌሩ ፊቴን አየው መሰለኝ ጠጋ ብሎ "ጋሼ እርስዎ ያንሱ፣ እኔ ጎማ ልይ" አለኝ። ምንም ያልሆኑትን አራት ጎማዎች በባትሪ እያበራ፣ በእግሩ መታ መታ እያደረገ 15 ደቂቃ ዞራቸው። ሰዉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያጉረመርም ውሃው ረጋ፣ አሞሌ የጫኑ ግመሎች በሩቁ ተሰልፈው ሲያልፉ ውሃው ላይ ከነምስላቸው አገኘኋቸው። በ30 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ሦስት ቢኖረኝ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አሳሌ 11 ሰዓት እንደምትደርሱ እና እስከ 12 ተኩል እንደምትቆዩ በፅሁፍ አስገቡ፣ በቃል እሺ ይሏችኋል። ትራይፖዱንም (የካሜራ ማቆሚያውን) ማታውኑ በንፁህ ውሃ እጠቡት፣ የኔ አንዱ እግር ጨው ቆልፎት እስካሁን አልዘረጋ ብሏል።