ሂልተን አዲስ አበባ፦ የፍልውሃው ጎረቤት

አንድን ሆቴል በአልጋውና በቁርሱ ብቻ መመዘን ለእኔ ለታሪክ አስተማሪው አይዋጥልኝም። ስለ አዲስ አበባ ሂልተን ስጽፍ የምጀምረው ከውሃው ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ የዚህች ከተማ ነገር ተጀመረ። ከእንጦጦ ብርድ ለወረደ ሰው ያ ትኩስ ውሃ ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አያዳግትም። ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ከፍልውሃው በላይ ባለው ኮረብታ ተተከለ፤ መኳንንቱም በየአቅጣጫው ሰፈሩ። ሂልተን የቆመው ከግቢው ወደ ፍልውሃው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። መዋኛውም የሚሞቀው ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ ነው። ከተማዋን የወለደው ውሃ ውስጥ ገላን መዘፍዘፍ፣ ለእኔ ከየትኛውም ምንጣፍና መብራት ይበልጣል።

መዋኛውን በደንብ ልግለጸው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀስ ብዬ ነው የምገባው። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ እጅን በእጅ ሲያሹት ይለሰልሳል፣ ሳሙና የነካው ይመስላል። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ነው፦ ዝናቡ ራስን ይመታል፣ ከአንገት በታች ግን ሙቀት ነው። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን የመዋኛው የመስቀል ቅርጽ አይገለጥም፤ የሚታዩት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሲመለከቱት ነው መስቀሉ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም እንዲሁ ነው፤ ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ ስለተሠራ መስቀሉ የሚታየው ከአፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ነው። መዋኛውን በላሊበላ መስቀል አምሳል የነደፈው ሰው ይህንን ልብ ብሎት ከሆነ፣ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ሆቴሉ ለምን በዚያ ዘመን ተሠራ? አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአፍሪካ መሰብሰቢያ ሆና ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን እዚህ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ፤ በ1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ማረፊያ ያስፈልግ ነበር። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1969 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሩን ሲከፍት ከከተማዋ ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ነበር። ወደ ላይ በመሠራቱ የተረፈው መሬት ዛሬም ሰፊ አትክልት ነው። መሬት እንዲህ በተወደደበት ከተማ መሃል ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ያኔ የተወሰነ ውሳኔ ያተረፈልን ነገር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የሂልተን ስም ግን ከደጁ አልወረደም። ደርግ ካፒታሊዝምን ሲያወግዝ የአሜሪካኑ ሆቴል በቤተ መንግሥቱ ግርጌ እንግዳ ሲያስተናግድ ኖረ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ብዙ የውጭ ጋዜጠኞችና የዕርዳታ ሠራተኞች ያረፉት እዚሁ ነው። ተማሪዎቼን እንግዳ መቀበያው ዘንድ ባቆምና ስለእነዚያ ዓመታት ባስተምር፣ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ እንደሚገባቸው አልጠራጠርም።

ዛሬ ከእሱ የሚረዝሙ ሆቴሎች በዝተዋል። ስማቸውን ባልጠራም፣ ከሰዓት በኋላ በመስታወታቸው ፀሐይ የሚያግሉ አንዳንዶች አሉ፤ ደጃፋቸው ላይ አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ብልጭልጭ የሚፈልግ እንግዳ እዚያ ይሂድ። ሂልተን ዕድሜውን የማይደብቅ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የታነጸ ቤት ነው። ይህንን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ ወደፊት ማንም ቢያድሰው መዋኛውንና አትክልቱን እንዳይነካ።

ዋጋው ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ አልዋሽም። ሆኖም ለማደር አቅም ያላችሁ ከላይኛው ፎቅ፣ በአትክልቱ በኩል ያለ ክፍል ጠይቁ። ማደር ለማትችሉ፣ ከሥራ ቀናት በአንዱ ጠዋት ሄዳችሁ ለመዋኛው ብቻ የሚከፈለውን ጠይቁ፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆች ስለሚበዙ ጸጥታ አታገኙም። ከዚያ በምኒልክ ግቢ ውስጥ ወዳለው አንድነት ፓርክ በእግር ይደረሳል፤ የምኒልክን እልፍኝ ከውሃው በኋላ ብታዩት ኮረብታውና ምንጩ እንዴት እንደተገናኙ በዓይናችሁ ትረዳላችሁ።