አራት ሞግዚት፣ ሃያ ሁለት ልጅ፣ አንድ የምሳ ሰዓት

ባሕር ዳር ለአምስት ሳምንት የሄድሁት እናቴን ላስታምም ነበር። እሷን ይዤ ሐኪም ቤት ስመላለስ ሁለቱ ልጆቼ የሚውሉበት ቦታ አስፈለገኝ። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ከሆቴልና ከምግብ ቤት ይልቅ በብዛት የተጠቀምሁት የሕፃናት ማቆያ፣ ባጃጅና ጀልባ ነው። እንደ እኔ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ቢጠቅም ብዬ ያየሁትን ጽፌያለሁ። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ፤ ኑሮዬ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው፤ የምሠራውም ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው መጫወቻው ላይ ሳይሆን የሰዉ ቁጥር ላይ ነው። የሙያ በሽታ ነው፤ አይለቅም።

የመረጥሁት ማቆያ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። ንጽሕናው ደስ ይላል። ፖፖዎቹ በየልጁ ስም ተለይተው ተደርድረዋል፤ ስም ያልተጻፈበት ምሳ ዕቃ አይቀበሉም። ኃላፊዋን «ስንት ልጅ፣ ስንት ሞግዚት አላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ሃያ ሁለት ልጅ፣ አራት ሞግዚት» አሉኝ። በልቤ አካፈልሁ፤ አንዷ ለአምስት ተኩል ገደማ ትደርሳለች። አብዛኞቹ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆች ስለሆኑ ክፉ አይደለም አልሁ።

ለማነጻጸር ያህል፣ በእንግሊዝ ደንብ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ 1 ሠራተኛ ለ3 ልጆች ነው። ለሁለት ዓመት ልጆች 1 ለ4 የነበረው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ 1 ለ5 ሆኗል። ሦስት ዓመት ከሞላቸው 1 ለ8፤ በዲግሪ የሠለጠነ መምህር አብሯቸው ከዋለ ደግሞ እስከ 1 ለ13 ይፈቀዳል። ከአራት ወደ አምስት ሲያሳድጉት እኛ ሠራተኞቹ ብዙ አጉረምርመናል። አንድ ልጅ ቢጨመር ምን አለበት የሚል ሰው አምስት ልጅ ከምሳ በኋላ ዳይፐር ቀይሮ አስተኝቶ አያውቅም።

የእኔ ስሕተት ሰዓቱን አለመጠየቄ ነበር። በአራተኛው ቀን የእናቴ ቀጠሮ ቶሎ አልቆ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስሁ። ከአራቱ ሞግዚቶች አንዷ ማዕድ ቤት ፍትፍት ታዘጋጃለች፤ አንዷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ ሦስተኛዋ ለምሳ ወጥታለች። ሃያ ሁለቱም ልጆች የቀሩት ለአንዲት ወጣት ነው። ከመካከላቸው ሦስቱ ጡት ያልጣሉ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ፣ ተቀጥራ የምትሠራ እናት ልጇ ገና ሦስት ወር ሲሆነው ነው ወደ ሥራ የምትመለሰው። ልጅቱ አንዱን አዝላ፣ ሌላውን በጭኗ ይዛ፣ ለሦስተኛው ታጎርሳለች። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

የሁለት ዓመቱ ልጄ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ያገኘሁት ከውጭው በር አጠገብ፣ የዘበኛው ቤት ውስጥ፣ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ነው። ዘበኛው «አይዞሽ ልጄ፣ ከእኔ ጋር ነው» አሉኝ። በሩ ሲከፈት ባጃጅ የሚከንፍበት መንገድ ነው። ልጁ ከክፍሉ መቼ እንደወጣ ያወቀ ሞግዚት የለም። ዘበኛው ደግሞ ከአራቱ ውስጥ አልተቆጠሩም ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ከልጆቹ ጋር የሌለ ሠራተኛ ለዚያ ሰዓት አይቆጠርም፤ አብሳይዋ ስታበስል አብሳይ እንጂ ሞግዚት አይደለችም። ሲበሉማ ልጆቹ በሠራተኛ ዓይንም በጆሮም ሥር መሆን አለባቸው፤ ምግብ ያነቀው ልጅ አይጮኽምና።

ማታ ይህን ሳወራ አክስቴ ሳቀችብኝ። «እናንተ ስምንት ሆናችሁ ስታድጉ ማን ቆጠራችሁ?» አለች። እውነቷን ነው፤ የቆጠረን የለም። ቄስ ትምህርት ቤትም አንድ የኔታ ነበሩ፤ ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው እያስተማረ ነው ያደግነው። ነገር ግን በራችን ክፍት ነበር፤ ከመንገድ ዳር ብናልፍ ጎረቤት ሁሉ ተቆጥቶ ይመልሰን ነበር። ማቆያው አጥር አለው፤ በሩም ቆርቆሮ ነው። ጎረቤት ማየት በማይችልበት ግቢ ውስጥ ያ ሁሉ ዓይን በደመወዝ መተካት አለበት። አክስቴ «አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነሻል» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አልልም። ለአንድ ቀን ዋና ይዣቸው ሄጄ ገንዳው ዳር ፎጣ የሚያድል እንጂ ዋናተኛውን የሚጠብቅ ሰው ስላላየሁ ለስላሳ ጠጥተን ተመለስን።

ጀልባው ግን ሙሉ ምስጋና ይገባዋል። ከእኅቴ ቤተሰብ ጋር ወደ ዘጌ ሄድን፤ አራት ትልልቅ ሰዎችና ሰባት ልጆች ነበርን። ባለጀልባው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ካልመጣችሁ አልወስድም ያለን ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ነው። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቆሞ አየን። «እኔ መሪ ይዣለሁ፤ አልቆጠርም። ሦስታችሁ ሁለት ሁለት ልጅ በሁለት እጃችሁ ያዙ። ሰባተኛው የማን ነው?» አለ። ለካ የእኅቴ ባል ቪዲዮ ሊቀርፅ ስልኩን አውጥቶ ኖሯል። «ወንድሜ፣ ስልኩን ክተተውና አንተም ሁን» ተባለና ገባው። ተንሳፋፊ ጃኬቶቹ ለትንንሾቹ ሰፊ ስለነበሩ ማሰሪያውን ራሱ እየዞረ አጠበቀ። ወደብ ላይ ስንወርድ ቆጠረ፤ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ዛፍ መካከል ወርደን ስንመለስም ቆጠረ። ልጆቹ እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ ስለ ቢልሃርዚያ የተቆጣቸውም እሱ ነው። ዘና ብለን ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየን ተመለስን። እኔ በሥልጠና የተማርሁትን ይህ ሰው በውኃ ላይ ተምሮታል።

በማግሥቱ የባለጀልባውን ጥያቄ ለማቆያው ኃላፊ ነገርኋቸው፤ «ሰባተኛው የማን ነው?» ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ወረቀት አወጡ። በሳምንቱ ምሳው በሁለት ዙር ሆነ። ልብስ ማጠቡ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወዳለው ሰዓት ተዛወረ፤ የበሩም መቀርቀሪያ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ተሠራ። ማዕድ ቤቱ ግን አሁንም ከአራቱ አንዷን ይወስዳል፤ ለዚያ አምስተኛ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል፤ እሳቸውም ክፍያ ሳልጨምር አይሆንልኝም አሉ። የተናገሩት ሐሰት አይመስለኝም።

ልጆቼን እስከ መጨረሻው ሳምንት እዚያው አዋልኋቸው። ልጄ ዘበኛውን «አባባ» እያለ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። ልጁን ሊያስገባ የሚፈልግ ሰው ግቢውን ቢጎበኝ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይሂድ። ክፍያው በወር ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የምፈልገው ብትሉም አይቀንሱም።