የደካችን ጠረጴዛ መስታወት ከ14 ወር በኋላ፦ የሰበረው ጀበናው አልነበረም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ የድሮውን መስታወት የሰበረው የእናቴ ጀበና አይደለም። ከ14 ወር በፊት ስላስገጠምነው አዲሱ መስታወት ዋጋም ጽዳትም እነግራችኋለሁ ግን ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

እኛ ያለነው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን ኋላ ትንሽዬ ደክ፣ ማለት ጣሪያ የሌላት የጓሮ በረንዳ፣ አለች፣ እዛ ላይ መሃሉ ለዣንጥላ የተበሳ ክብ የመስታወት ጠረጴዛ ከአራት ወንበር ጋር ከአንድ ትልቅ መደብር ገዝተን ነበር። አራተኛው ሳመር ላይ፣ ጁላይ 2024፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እሁድ ከሰዓት ደኩ ላይ ቡና አፈላችልን። ጀበናው በማቶቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አቦል ቶና በረካ ተጠጣ፣ ስኒው ታጠበ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቤት ገባ፣ ተኛን። ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሆነ የሚፈነዳ ድምፅ ቀሰቀሰን። ባለቤቴ መብራት አብርቶ ሲያይ የጠረጴዛው ፍሬም ባዶውን ቆሟል፣ ደኩ በሙሉ በረዶ የዘነበበት መስሎ በስባሪ ተሸፍኗል፣ ዣንጥላው ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ማታውን ንፋስ ነበር፣ የነካው ሰው ግን የለም።

እናቴ ወዲያው "የኔ ጀበና ነው፣ ትኩሱን አስቀምጬበት" አለች። እማዬ ቡናው ካለቀ እኮ አስር ሰዓት ሆኖታል ብላትም አልሰማችኝም። ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ስባሪውን በእጇ ስትለቅም አገኘኋት። ከዛ በኋላ በቀሯት ሶስት ሳምንታት ደኩ ላይ አልወጣችም፣ ቡናውን ኪችን መሬት ላይ ነበር የምታፈላው። ይሄ ነገር ከጠረጴዛው በላይ አንገበገበኝ።

የሸጡልን ጋ ደወልኩ። ዋራንቲው አንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ገንዘብ አልጠየቅኩም፣ ለምን እንደተሰበረ እንዲነግሩኝ ነበር የፈለግኩት። ስልኩን ያነሳው ልጅ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ ትኩስ ነገር አስቀምጣችሁበት ነበር ወይ? ቡና አልኩት፣ መዋሸት ስለማልወድ። በቃ እሱ ነው አለና ዘጋው። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበረ እናቴም ሰማችው፣ እንግሊዝኛው ባይገባትም "ኮፊ" የምትለዋ ቃል ገብታታለች።

አሁን ለዛ ልጅ መልስ ልስጠው። የጓሮ ጠረጴዛ ላይ የሚገጠመው መስታወት ቴምፐርድ የሚሉት ነው። መስታወቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ አየር በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ላዩ እየተጨመቀ ውስጡ እየተወጠረ ይቀራል፣ ጥንካሬውም ከተራው መስታወት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ተራው መስታወት በ40 ዲግሪ ልዩነት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቴምፐርዱ ግን ወደ 200 ዲግሪ ልዩነት ይችላል። ጀበና ውስጥ ያለው ቡና ከ100 አያልፍም፣ እሱም በማቶት ላይ ነው የተቀመጠው። ታዲያ የቱ ሙቀት ነው የሰበረው ወንድሜ? ደግሞ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይሰበር ነበር እንጂ ጀበናው ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ከገባ በኋላ ለሊት ለምን ይጠብቃል?

እውነቱን የነገረኝ አዲሱን መስታወት ያዘዝኩበት ሱቅ ያለ ሽማግሌ ነው። ፍሬሙን ፎቶ አንስቼ ሄጄ ነበር፣ ስልኬን ተቀብሎ አጎላውና መጀመሪያ ያለኝ "ጎማዎቹስ የት ሄዱ?" ነው። ፍሬሙ ላይ መስታወቱ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ጎማዎች ነበሩ፣ ስምንት ቦታ ላይ መኖር ነበረባቸው፣ የቀሩት ሶስት ናቸው፣ ሌላው በጸሃይ ደርቆ ወድቋል፣ በቦታቸው ብረቱ ተፈግፍጎ ያብረቀርቃል። የዣንጥላው ቀዳዳ ላይ የነበረችው የፕላስቲክ ቀለበትም ከጠፋች ቆይታለች። ማለት መስታወታችን ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የዣንጥላው ዘንግ ቀዳዳውን እየገፋው ስንት ወር ኖሯል። ቴምፐርድ መስታወት ሰፊው ገጹ ላይ ብትመታው ይችልሃል፣ ጠርዙ ነው ደካማው፣ ጠርዙ ላይ የገባች ትንሽ ጭረት ቀስ ብላ ወደተወጠረው ውስጡ ስትደርስ በአንድ ጊዜ ሁሉም ጠጠር ይሆናል። ሌላም ምክንያት አለ፣ ሲሰራ ኒኬል ሰልፋይድ የምትባል በዓይን የማትታይ ቅንጣት ከገባችበት ከዓመታት በኋላም ሰፋ ብላ ማንም ሳይነካው ልትሰብረው ትችላለች። ከሁለቱ አንዱ ነው፣ እኔ ፍሬሙን ስላየሁት ጠርዙ ነው የምለው። ሁለቱም ውስጥ ቡና የለም።

ሽማግሌው የነገረኝን ከመኪና ሳልወርድ ለእናቴ ደወልኩላት፣ ያኔ ተመልሳ አዲስ አበባ ነበረች። "አንቺ እኔን ለማጽናናት ነው" አለችኝ።

ወደ መስታወቱ ልመለስ። የያዘን ነገር ልኬቱ ነው፣ አሮጌው ጠጠር ሆኗል ምኑን ትለካለህ? ፍሬሙን ነው የለካነው፣ ያውም በአራት አቅጣጫ፣ ምክንያቱም በጊዜ ብዛት ትንሽ ጠምሞ አንዱ ከሌላው በ3 ሚሊሜትር ይለያል። ካርቶን ቆርጠን ፍሬሙ ውስጥ እያስገባን ሞክረን እሱኑ ይዘን ሄድን፣ ሽማግሌው ከትንሹ ልኬት ላይ ደግሞ ትንሽ ቀነሰ፣ ጎማ እንዲገባና ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ሲሰበሰብ እንዳይጨቁነው። ይሄን ቀላል እንዳታደርጉት፣ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ ቆርጠህ በስተህ ነው የምታሞቀው፣ ስለዚህ ከተሳሳታችሁ ብሩ በቃ ሄደ። ተራ መስታወት ይበቃል ርካሽ ነው የሚላችሁ ካለ ደግሞ አትስሙት፣ እሱ ሲሰበር እንደ ቢላ ነው የሚሆነው፣ ከስሩ ልጆች የሚጫወቱበት ነገር ነው እኮ።

የኛ ዲያሜትሩ 48 ኢንች ነው፣ 122 ሴንቲ ገደማ። የድሮው 5 ሚሊ ነበር፣ አሁን 6 ሚሊ አደረግነው፣ ጠርዙ ተሞርዶ የለሰለሰ። ክብደቱ ወደ 18 ኪሎ ስለሆነ ለሁለት ነው ያነሳነው። ባለቤቴ የዣንጥላው ቀዳዳ ይኑር አለ፣ እኔ አይኖርም አልኩ፣ ሁለት ቀን ተከራክረናል። ቀዳዳ ማለት ተጨማሪ ጠርዝ ማለት ነው፣ ዘንጉ የሚገፋው ደግሞ እሱኑ ነው፣ ለምን ብዬ በገንዘቤ ደካማ ቦታ እገዛለሁ? ዣንጥላው የራሱ ከባድ መቆሚያ ተገዝቶለት ጎን ላይ ቆመ። ያለ ቀዳዳው 215 ዶላር ከፈልን። አዲስ ጠረጴዛ በዛው ዋጋ ታገኙ ነበር ያሉን ሰዎች አሉ፣ አዎ ይገኛል፣ እኔ ግን ፍሬሙ ደህና የሆነ ጠረጴዛ አውጥቼ አልጥልም፣ ደግሞ አዲሱም ያው ጎማው ሲደርቅ ያው ነው የሚሆነው። ፕላስቲክ አድርጉት ያሉንም ነበሩ፣ ጎረቤታችን አድርጎት በአንድ ሳመር ተጫጭሮ ደፍርሷል፣ መሃሉም ጎብጧል።

ጎማዎቹን ስምንቱንም አዲስ አደረግናቸው፣ ሁሉም ተደምሮ 9 ዶላር። ከዚህ ሁሉ ወጪ እኔ የምመካው በነሱ ነው።

14 ወሩ እንዴት ነበር ካላችሁ ደህና ነው፣ በረዶ ዘንቦበታል፣ ልደት ተከብሮበታል፣ ምንም አልሆነም። ያልወደድኩት ነገር የድሮው ከስሩ ሸካራ ስለነበረ ቆሻሻ አያሳይም ነበር፣ ይሄኛው ጥርት ያለ ስለሆነ የጣት አሻራ ሳይቀር ይታያል። ኤፕሪል ላይ የዛፍ ብናኝ ሲወርድ ቢጫ ዱቄት ነው የሚለብሰው፣ እሱን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት ይጫጭራል፣ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት። የሳር ማጠጫው ውሃ ሲደርቅበት የሚተወው ነጭ ነጥብ በሳሙና አይለቅም፣ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ጨርቅ ነክሬ አስር ደቂቃ ላዩ ላይ እተወዋለሁ፣ ከዛ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ በደንብ በውሃ አጥባለሁ። በምላጭ መፋቅ የሚባል ነገር አትሞክሩ። ዊንተር ሲገባ አንስተን ጋራዥ ውስጥ በጠርዙ እናቆመዋለን፣ ከስሩ ምንጣፍ አለ፣ ጠርዙ ሲሚንቶ ከነካ የተነጋገርነው ሁሉ ከንቱ ነው። የከሰል ምድጃ ደግሞ ላዩ ላይ አላስቀምጥም፣ ፍም ሌላ ነው፣ ቡና ሌላ ነው።

ዘንድሮ ኦገስት እናቴ ተመልሳ መጣች። ጀበናውን ይዛ ደኩ በር ላይ ቆመች፣ አልወጣም አለች። አስወጥቼ መስታወቱን ከፍ አድርጌ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት፣ ብረቱ ላይ ያለውን የድሮ ፍግፈጋም በጣቷ አስነካኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ዳሰሰችው። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ብረት እያለ ያ ልጅ ለምን ቡናዬን ጠየቀ?" አለች። ከዛ ማቶቱን አስቀመጠች፣ ጀበናውን አሳረፈችበት፣ ሶስቱንም ጠጣን፣ እስኪመሽ እዛው ነበርን።

ትላንት ከአዲስ አበባ ደውላ ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቀችኝ "ጎማዎቹን አየሻቸው?" ብላ ነው። አይቻቸዋለሁ እማዬ፣ አንዱ ላላ ብሏል፣ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።