አሮጌውን ፍሪጌት ማደስ ወይስ አዲስ ማሠራት? ለገዢ የሚሆን ንጽጽር

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደን አንዲት የላሜራ ጀልባ ዳር ላይ ተገልብጣ አገኘናት። ባለቤቷ ወጣት ነው። ሐይቁ ላይ ሰው ያዝናናባታል። አሁን ግን ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሎበታል። ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ ሞተር ገጥሞ ይመልሳት ወይስ ትቷት ሌላ ያሠራ? አብረውኝ የነበሩት ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። ምንም ሳይሉ ከኪሳቸው የቤት ቁልፍ አወጡና ሆዷን መታ መታ እያደረጉ ዞሯት። ከፊት በኩል ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ወደ ኋላ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ሲደርሱ ግን ታፈነ። ጎንበስ ብለው ቀለሙን በቁልፉ ጫፍ ላጥ አደረጉት። ከሥሩ ስቱኮ ወጣ። ከስቱኮው ሥር ደግሞ ብረት የለም። ቡናማ ዱቄት ነው ያለው።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ሞተሩን የምትገዛው ለዚህ ነው?»

ስለ ጦር መርከብ ለዓመታት ሳነብ የቆየሁት ነገር በዚያች አንድ ጥያቄ ውስጥ ገባልኝ። ዲስትሮየርና ፍሪጌት የሚባሉ የጦር መርከቦች (ፍሪጌቱ ብዙ ጊዜ አነስ ይላል) ያላቸው አገሮች በየጊዜው የሚጋጩት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። ለእኛም ቢሆን የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን ዳግም እንደምታቋቁም በ2018 አስታውቃለች። በ2019 ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ከፈረንሳይ ጋር ተፈራርማለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመርከብ ሂሳብ የሚከፈለው ከግብር ነው። ስለዚህ ገዢ ስል እናንተንም እኔንም ጨምሬ ነው።

ማደስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀለም መቀባት አይደለም። የመርከቡ ብረት አካል፣ በጋራዥ ቋንቋ ቦዲው፣ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ዋናው ሞተርም ይቀራል። የሚለወጠው ራዳሩ፣ ሶናሩ (ውሃ ውስጥ ያለውን በድምፅ የሚያገኘው መሣሪያ)፣ የሚሳኤል ማስወንጨፊያው፣ ኮምፒውተሮቹና ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሆን ኬብል ነው። ይሄ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ዕድሜውን ሲያጋምስ፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ መሠረት አለው። በዘመናዊ የጦር መርከብ ዋጋ ውስጥ የብረቱ ድርሻ ትንሽ ነው። ገንዘቡን የሚበላው መሣሪያው፣ ኤሌክትሮኒክሱና ሁሉንም አገናኝቶ ማናገሩ ነው። ብረቱ ደህና ከሆነ ታዲያ ለምን ይጣላል?

ማደስ ሲያዋጣ

ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩው ምሳሌ የካናዳ ነው። 12 የሃሊፋክስ ፍሪጌቶች ከ1992 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ሥራ ጀመሩ። ከ2010 ጀምሮ ተራ በተራ ገብተው ታደሱ። ጠቅላላ ወጪው 4.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ነው። ለአንድ መርከብ ሲካፈል 360 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። አሁን ካናዳ እነሱን የሚተኩ አዳዲስ ዲስትሮየሮች እያሠራች ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቻ የተያዘው 22.2 ቢሊዮን ነው። አዲሶቹ በጣም ይተልቃሉ፣ የማስጀመሪያው ወጪም አብሮ አለበት። ስለዚህ ቁጥር ለቁጥር ማወዳደር ልክ አይሆንም። ቢሆንም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

የካናዳዎቹ የተሳካላቸው በዋጋው ብቻ አይመስለኝም። መርከቦቹ 12 አንድ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ላይ የተማሩትን በሁለተኛው ላይ ይጠቀሙበታል። ዕድሜያቸውም ገና ነበር። ብረቱ ሳይደክም ነው የገቡት።

ከዚህ በፊት አሜሪካኖች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ይህንኑ በብዛት ሠርተውታል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዲስትሮየሮች የሶቪየትን ሰርጓጅ መርከብ ማሳደድ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ አዲስ ሶናር፣ ሰርጓጅ መቺ ሮኬትና ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ተጨመረላቸው። ጥልቅ እድሳት ላገኙት የታሰበው 8 ዓመት ዕድሜ ለመጨመር ነበር። ብዙዎቹ ግን ወደ ቱርክ፣ ግሪክ፣ ታይዋንና ሌሎች አገሮች ተላልፈው ከዚያ በላይ ቆዩ። ስቴይናከር የምትባለው በ1945 ሥራ ጀመረች። በ1982 ወደ ሜክሲኮ ሄደች። ከአገልግሎት የወጣችው በ2014 ነው። 69 ዓመት መሆኑ ነው! በ2014 ከዘመኑ መርከብ ጋር ትዋጋ ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ብረት ከተንከባከቡት ምን ያህል እንደሚቆይ ታሳያለች።

ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። የእኛዋን «ኢትዮጵያ»ን አስታወሱ። እሷ ዲስትሮየርም ፍሪጌትም አልነበረችም። «ኦርካ» ተብላ በ1944 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ስትጀምር የባሕር አውሮፕላኖችን ነበር የምታገለግለው። ለእኛ የተሰጠችው በ1962፣ በ18 ዓመቷ ነው። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና እስከ 1991 ቆየች። ያኔ ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። «በየቀኑ እንፍቃት ነበር፤» አሉኝ። «ዝገት ይፋቃል፣ ይቀባል። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ይፋቃል።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የመዶሻው ጠባሳ አውራ ጣታቸው ላይ እስካሁን አለ።

ማደስ ገንዘብ ሲበላ

አሁን ወደ ክፉው ወገን። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነውና።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ2015 ጀምሮ ሰባት የቲኮንደሮጋ ክሩዘሮችን ለማደስ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ክሩዘር ከዲስትሮየር ከፍ ይላል እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። በዲሴምበር 2024 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ውጤቱን አወጣው። ከሰባቱ እድሳታቸው የሚያልቀው ሦስቱ ብቻ ናቸው። አራቱ 1.84 ቢሊዮን ዶላር ከወጣባቸው በኋላ እንዲወገዱ ተደርጓል። የታሰበውን አምስት ተጨማሪ ዓመት የሚያገኝ ደግሞ አንድም የለም። ለምን? መርከቦቹ ሲከፈቱ ያልታሰበ ሥራ ወጣ። በውሎቹ ላይ 9,000 ለውጥ ተደርጓል። ሞተር ያወረደ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ለጋስኬት ብለህ ትከፍታለህ፣ ፒስተን ገዝተህ ትወጣለህ።

የእንግሊዝ ታሪክ ደግሞ ከጀልባዋ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ታይፕ 23 ፍሪጌቶች የተሠሩት ለ18 ዓመት ነበር። የሚተኩት ሲዘገዩ ዕድሜያቸው እየተራዘመ ሄደ። ኖርዘምበርላንድ በ1994 ሥራ የጀመረች መርከብ ናት። 30 ዓመት ሆኗት ለጥገና ገባች። ብረቷ ሲመረመር ጉዳቱ ስለበዛ መጠገኑ አያዋጣም ተባለ። በኖቬምበር 2024 መንግሥት እንደምትወገድ አስታወቀ። እህቷ ዌስትሚንስተር የባሰባት ናት። እሷ ለዓመታት ታድሳ ወጥታ ነበር። ለቀጣዩ ጥገና ስትገባ ሁኔታዋ አላዋጣ ብሎ ተተወች።

የአውስትራሊያ ችግር ግን ከዝገት ሳይሆን ከኮምፒውተር መጣ። ስድስት የአደሌድ ፍሪጌቶችን ለማደስ በ1999 ተዋዋሉ። አዲሱን ሥርዓት ከአሮጌው ጋር ማናገር እንደታሰበው አልሄደም። ሥራው ለዓመታት ዘገየ። በመጨረሻ የታደሱት አራት ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሁለቱን ቺሊ በ2020 ወስዳቸዋለች። መርከቦቹ ጥሩ ሆነው ነበር። ጊዜውና ገንዘቡ ግን ከእቅዱ ውጪ ነው የሄደው።

ሌላም በዓይን የማይታይ ገደብ አለ። አዲስ ራዳር ብዙ መብራት ይበላል፣ ብዙ ሙቀትም ያወጣል። የድሮው ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ላይችለው ይችላል። ራዳሩ ከፍ ብሎ ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀል ክብደቱ መርከቡን ያወዛውዛል። የላዩ ክብደት ሲበዛ መርከብ ሚዛኑ ይዛባል። ጣሪያው ላይ ዕቃ የተከመረበት ሚኒባስ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አዲስ ማሠራት

አዲስ መርከብ ከማስደሰቱ በላይ በሰው ቁጥር ያተርፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራው የአሜሪካ ጊሪንግ ዲስትሮየር ከ300 በላይ ባሕረኛ ይፈልግ ነበር። የጃፓኑ ሞጋሚ ፍሪጌት 90 ሰው ይበቃዋል። ደመወዝ፣ ቀለብ፣ መኝታ፣ ሥልጠና በየዓመቱ የሚከፈል ነው። በ30 ዓመት ሲደመር የግዢውን ዋጋ ያስረሳል። አውስትራሊያም በ2025 ሞጋሚን ስትመርጥ ያረጁ መርከቦቿን አድሳ ከመቀጠል ይሄን መንገድ ይዛለች። 11 ልትገዛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጃፓን ውስጥ ይሠራሉ።

አዲስ ማለት ግን ችግር የለበትም ማለት አይደለም። የአሜሪካን ኮንስቴሌሽን ፍሪጌት እዩ። በ2020 ሲዋዋሉ ሐሳቡ ብልህ ነበር። አውሮፓ ውስጥ የተፈተነ ንድፍ ተወስዶ በጥቂቱ ይሻሻላል ተባለ። ከዚያ ይሄም ይጨመር፣ ያም ይቀየር ሲባል ከመነሻ ንድፉ ጋር ያለው መመሳሰል ከ85 በመቶ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወረደ። የመጀመሪያዋ መርከብ ከ2026 ወደ 2029 ተገፋች። በኖቬምበር 2025 ከሁለቱ በስተቀር የቀሩት ተሰረዙ።

ፊሊፒንስን ከዚህ ጋር ሳስተያያት ደስ ይለኛል። ሀብታም አገር አይደለችም። በ2016 ከደቡብ ኮሪያ ሁለት ፍሪጌቶች አዘዘች። ዋጋቸው ለሁለቱ 16 ቢሊዮን ፔሶ ገደማ፣ ማለትም ከ350 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። መካከለኛ መርከቦች ናቸው፣ 2,600 ቶን። አንዷ በ2020፣ ሌላዋ በ2021 ገቡ። ብዙ አልጨመሩም፣ ብዙ አልቀየሩም። ያለውን ንድፍ ወሰዱ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ተረከቡ።

ደቡብ አፍሪካም አዳዲስ ገዝታለች። አራት ጀርመን ሠራሽ ፍሪጌቶች በ2000ዎቹ አጋማሽ አገልግሎት ጀመሩ። መርከቦቹ ምርጥ ናቸው። ለጥገና የሚሆነው በጀት ግን አልተከተላቸውም፣ አሁን ብዙውን ጊዜ ወደብ ላይ ታስረው ይውላሉ። ይሄ ያሳዝነኛል። አዲስ መርከብ ያለ መለዋወጫና ያለ መካኒክ ቶሎ አሮጌ ይሆናል።

ታዲያ የትኛው?

መርከቡ የራስህ ከሆነ፣ ዕድሜው ከ20 ካላለፈ፣ እህትማማች መርከቦችም ካሉህ አድስ። ያለ ጥርጥር የሚያዋጣው እሱ ነው። ከ25 አልፎ ከሆነ ግን ራዳር ከመግዛትህ በፊት ብረቱን አስለካ። በአልትራሳውንድ ውፍረቱ ነጥብ በነጥብ ይለካል። ውሃው ተመጥጦ መርከቡ ደረቅ ላይ በሚቀመጥበት ገንዳ ገብቶ፣ ታንኮቹ ተከፍተው፣ ወለሉ ተነስቶ ይታያል። ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሊመስል ይችላል። ከ1.84 ቢሊዮን ዶላር ጋር አስተያየው። ሻጭ ወይም አዳሽ «መጀመሪያ እንዋዋል፣ ሲከፈት እናያለን» ካለህ ተነስተህ ሂድ።

እንደ እኛ ከዜሮ ለሚጀምር ገዢ ምርጫዬ ግልጽ ነው። የሌላ አገር የ30 ዓመት ትልቅ ዲስትሮየር በርካሽ ቢቀርብ አልወስድም። ብዙ ባሕረኛ ይፈልጋል፣ መለዋወጫውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የሌላ ሰው ዝገት ለመፋቅ የሚውል ዕድሜም ያሳዝነኛል። ሌላ ባሕር ኃይል የሚጠቀምበትን፣ የተፈተነ፣ መካከለኛ አዲስ መርከብ እመርጣለሁ። አንድ ሳይሆን ሁለት። ውሉ ውስጥ የአሥር ዓመት መለዋወጫና የመካኒኮች ሥልጠና ይግባ። ገንዘቡ ለሁለት መርከብና ለዚህ ካልበቃ መርከቡ ይነስ እንጂ ሥልጠናው አይቀነስ።

ትናንት ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ ጋሼ ያንን ልጅ አግኝተውት ጠየቁት። ሰኞ በያጅ ጠርቶ የጀልባዋን የኋላ ክፍል አስቆርጦታል። ዝገቱ እስከ መሐል ደርሷል። ሞተሩን አልገዛም።