ገናን ያከበረችው ቨርጂኒያ፣ ገናን የከለከለችው ማሳቹሴትስ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ክርስትና ቢያገናኛቸውም ገና ለያይቷቸዋል። (ዓመታቱና ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቨርጂኒያ የሰፈሩት የአንግሊካን (የእንግሊዝ) ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ስለያዙ በዓሉ አብሯቸው ተሻገረ። በ1608 የሰፋሪዎቹ መሪ ካፒቴን ጆን ስሚዝና ባልደረቦቹ ዝናብ፣ ውርጭና በረዶ ጉዟቸውን ቢያስተጓጉልባቸው ገናን በኬኩታን መንደር አሳለፉ። ዓሣ፣ ሥጋ፣ የዱር ወፍና ጥሩ ዳቦ ጠገቡ፤ ጢስ ባለበት ደረቅና ሞቃት ቤት እሳት ሞቁ። ያን ቤትና ማዕድ የሰጧቸው የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለችው የፕሊመዝ ሰፈራ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። መጽሐፍ ቅዱስ የክርስቶስን የልደት ቀን ስለማይጠቅስ የፕሊመዝ ሰፋሪዎች በዓሉን የሰው ሥርዓት ነው ብለው ተዉት። በገናው ዕለት፣ በዲሴምበር 25 ቀን 1620፣ የመጀመሪያውን የጋራ ቤት መሥራት ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት የገና ዕለት ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ ሰዎቹን ለሥራ ሲጠራ፣ አዲስ መጤዎቹ «ሕሊናችን አይፈቅድም» አሉት። እሺ ብሎ ተዋቸው። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ግን ዘንግ እየወረወሩና ኳስ እየተጫወቱ ደረሰባቸው፤ መጫወቻቸውንም ነጠቃቸው። ሌላው እየሠራ እነሱ መጫወታቸውን ሕሊናው እንደማይቀበል ነገራቸው፤ ለጸሎት ከሆነ ቤታቸው እንዲሆኑ አዘዛቸው። የቨርጂኒያው ገና ለልቤ ቢቀርብም፣ ይህን የብራድፎርድን ሙግት አከብራለሁ።

የፕሊመዝ ጎረቤት የነበረችው የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት ሕግ ግን ከረረ፦ በ1659 ገናን ያከበረ አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገገ። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው።