የሊኩዊድ ክሪስታል ማሰለፊያ ፖሊመር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ መብራታችሁን እዩ

ሊኩዊድ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል የሚሰለፉ፣ ስክሪን የሚሠራበት ነገር) ሁለት መስታወት መሃል ዝም ብሎ ቢፈስ ሞለኪውሎቹ ባሻቸው አቅጣጫ ይተኛሉ። የሚያሰልፋቸው መስታወቱ ላይ የተቀባ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የፖሊመር ሽፋን ነው። የድሮው ዘዴ ፖሊኢማይድ (ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) ቀብቶ፣ ምድጃ ውስጥ አብስሎ፣ ከዚያ በሚሽከረከር ጨርቅ መፈግፈግ ነው። ይሠራል፣ አጥብቆም ይይዛል። ችግሩ ጨርቁ አቧራና ጭረት ይተዋል፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክም ይፈጥራል። የምትሠሩት ቀጥ ያለ፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ሴል (ሊኩዊድ ክሪስታል መሃሉ የያዘ የመስታወት ጥንድ) ብቻ ከሆነ ግን ማንበቡን እዚህ አቁሙና የሚፈገፈገውን ግዙ። የምሬን ነው።

ንድፍ መሳል ለምትፈልጉ፣ ወይም አቧራ ላሰለቻችሁ፣ በፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወዛወዝ ብርሃን) የሚሰለፉ ፖሊመሮች አሉ። ሻጮች ስለ ሞለኪውሉ ያወሩላችኋል፤ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ያላችሁ መብራት የሞገድ ርዝመቱ (ቀለሙን የሚወስነው) ስንት ናኖሜትር እንደሆነ እወቁ። ከፖሊመሩ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው መብራቱና ፖላራይዘሩ (ብርሃኑን ፖላራይዝድ የሚያደርገው ማጣሪያ) ነው።

ለላብ ሥራ እኔ የማደላው ለአዞቤንዚን ቤተሰብ ነው። የጃፓኑ ኢቺሙራና ባልደረቦቹ አዞቤንዚን የተቀባ ገጽ ሊኩዊድ ክሪስታልን በብርሃን ማዘዝ እንደሚችል ያሳዩት በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩ ሚኒባስ ውስጥ ፀሐይ እንደመታው ተሳፋሪ ነው፤ ሞለኪውሉ ብርሃኑ ባገኘው ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ቦታ ይቀያይራል፣ በመጨረሻ ብርሃኑ የማያገኘው አቅጣጫ ላይ፣ ማለትም ከፖላራይዜሽኑ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ይረጋጋል። ከዚህ ቤተሰብ ገበያ ላይ የምታገኟቸው ኤስዲ1 እና ብሪሊያንት የሎው በትክክል ከተባለ ቀለም እንጂ ፖሊመር አይደሉም፣ ግን ለተመሳሳይ ሥራ ስለሚገዙ እዚሁ ልቁጠራቸው። ብሪሊያንት የሎው ርካሽ ነው፤ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ኤልኢዲና ተራ የፕላስቲክ ፖላራይዘር ይበቃዋል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ዝናብ በጣለበት ቀን ቀብቼ ሳምንት ሙሉ የዝንጉርጉር ሴል ባለቤት ሆኜ ነበር፣ ጥፋቱን ስፈልግ የነበረውም መብራቱ ላይ ነው! ኤስዲ1 ዋጋው ከፍ ይላል፣ አያያዙ ግን ጥሩ ከተፈገፈገ ፖሊኢማይድ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚሟሙት ዲኤምኤፍ በተባለ ጎጂ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ጓንትና አየር ማስወጫ የግድ ነው።

አዞቤንዚን እንደገና ሊጻፍበት ይችላል። ይህ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። ዛሬ የሳላችሁትን ነገ በሌላ አቅጣጫ ትጽፉበታላችሁ፤ መስኮት አጠገብ ከረሳችሁት ግን ፀሐይ ራሷ ትጽፍበታለች። መፍትሔው በላዩ ላይ በዩቪ የሚደርቅ የሊኩዊድ ክሪስታል ሞኖመር ደርቦ ማጠንከር ነው። ብርሃን የሚያጣምሙ ስስ ሌንሶችና ግሬቲንጎች (ብርሃን የሚከፋፍሉ ተደጋጋሚ ረቂቅ መስመሮች) የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሲናሜት የሚባለው የፖሊመር ቤተሰብ ሌላ ጠባይ አለው። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ የማርቲን ሻት ቡድን በ1992 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ያሳተመው በዚህ ነው። ብርሃኑ ሁለት ጎረቤት ሞለኪውሎችን ያጋባል፣ ጋብቻውም በተለመደው አጠቃቀም አይፈርስም። ስለዚህ ለፀሐይና ለሙቀት ከአዞቤንዚን ይሻላል፣ እንደገና መጻፍ ግን የለም። የሚፈልገው 300 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ዩቪ ነው፤ ሰማያዊ ኤልኢዲያችሁ አይነካውም፣ የፕላስቲክ ፖላራይዘራችሁም እዚያ ጥቅም የለውም። የመጀመሪያው ፖሊቪኒል ሲናሜት አያያዙ ደካማ ስለሆነ ለልምምድ ካልሆነ አትግዙት፤ አዳዲሶቹ በስኩዌር ሴንቲሜትር በጥቂት አሥር ሚሊጁል የብርሃን ጉልበት ይሰለፋሉ።

ኩማሪን የሲናሜት የአጎት ልጅ ነው፣ የእሱም ሞለኪውሎች በብርሃን ይጋባሉ። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ ሊኩዊድ ክሪስታሉን ከፖላራይዜሽኑ ጋር ትይዩ የሚያሰልፉ ዓይነቶች አሉ። እኔ እንደ ሌሎቹ 90 ዲግሪ መስሎኝ ከተፈገፈገ መስታወት ጋር ገጠምኩትና ቀጥ ይላል ያልኩት ሴል ተጠምዝዞ አገኘሁት። አቅጣጫውን ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ።

የመጨረሻው በብርሃን የሚሰበር ፖሊኢማይድ ነው፣ ሳይክሎቡቴን (አራት ካርቦን ያለው ቀለበት) ያለበት። 254 ናኖሜትር ያለው ዩቪ ከፖላራይዜሽኑ ጋር ትይዩ የተኙትን ሰንሰለቶች ይቆርጣል፣ የተረፉት ያሰልፋሉ። ሙቀት ይችላል፣ ለአይፒኤስ ስክሪን (ሞለኪውሎቹ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆነው የሚዞሩበት) ፋብሪካ የሚስማማ ነው። ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊጁል ይበላል፣ ኳርትዝና የሽቦ ግሪድ ፖላራይዘር ይፈልጋል፣ የተቆረጠው ስብርባሪም ካልታጠበ ወይም በሙቀት ካልተባረረ ስክሪኑ ላይ የቆየ ምስል ጥላ ሊያስቀር ይችላል። ለትንሽ ላብ ከተመከራችሁ መካሪው ሻጭ መሆኑን አስታውሱ።

እንግዲህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ካላችሁና ንድፍ የምትስሉ ከሆነ ኤስዲ1፣ ገንዘብ ካጠረና ክፍላችሁ ደረቅ ከሆነ ብሪሊያንት የሎው። ዕቃው ውጭ ፀሐይ ላይ የሚውል ከሆነና የዩቪ መብራት ካላችሁ ሲናሜት። ከመክፈላችሁ በፊት የሞገድ ርዝመቱን፣ የብርሃን መጠኑን፣ የማብሰያ ሙቀቱንና ማሟሟያውን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። ፖሊኢማይድ የምታዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደ ፖሊአሚክ አሲድ (ሲበስል ፖሊኢማይድ የሚሆን) ፈሳሽ ስለሆነና ማቀዝቀዣ ስለሚፈልግ፣ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚያድር አስቀድማችሁ አስሉ።