የሰባት ቤታችንን መዝገብ ላስተካከለልኝ ልጅ

ወገኖቼ፣ ቤርሼባና አካባቢው ላላችሁ አንድ ጎበዝ የኮምፒውተር ባለሙያ ልጠቁማችሁ። እሱንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

የቤተሰቤን የዘር ሐረግ የምመዘግበው ግራምፕስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች እስከ ሰባት ቤት አንጋባም። ልጄ ልታገባ ስትል ዝርዝሩ በወረቀት ተፈለገ። ዊንዶውሴ ዕብራይስጥ ስለሆነ ፕሮግራሙም በዕብራይስጥ ነው የሚከፈተው። እኔ ስሠራ እንግሊዝኛው ይቀለኛል። ወረቀቱ ግን ለልጆቹ በዕብራይስጥ መውጣት አለበት። ሴቲንጉን ሁሉ በረበርኩ፣ ቋንቋ መቀየሪያ የለውም። አንድ ሱቅ ብወስደው "ዊንዶውሱ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጫን" አሉኝ። ሟቹ አባቴ የነገረኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው! ይዤው ተመለስኩ።

ይህ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ባክአፕ አውጥቶ ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ከዚያ "ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ቋንቋውን የሚያነበው ከዊንዶውሱ ነው" አለና ኖትፓድ ከፍቶ ሁለት መስመር ጻፈ። አንዱ ላንግ (LANG) የሚባለውን የቋንቋ መለያ እንግሊዝኛ ያደርጋል፣ ሌላው ግራምፕስን ያስነሳል። አሁን ዴስክቶፔ ላይ ያስቀመጠልኝን ያንን ፋይል ስጫን በእንግሊዝኛ፣ የድሮውን ስጫን በዕብራይስጥ ይከፈታል። ለወረቀቱማ ይኼም አያስፈልግም ነበር። ለካ ሪፖርት ሲወጣ የራሱ ቋንቋ መምረጫ አለው! "ተወለደ"፣ "አገባ" የሚሉትን ይተረጉማል። ስምና ማስታወሻ ግን እንደጻፋችሁት ነው የሚቀረው። ስሞቹን ድሮውኑ በዕብራይስጥ ፊደል መጻፌ በጀኝ።

ሳልጠይቀው ያየልኝ ነገር ደግሞ አለ። ልጅ ስጨምር ፕሮግራሙ የአባትየውን የቤተሰብ ስም በራሱ ይሞላል። ለፈረንጅ ልክ ነው። ለእኛ ግን አያት በአባት ቦታ ይገባል። የአለሙ ደሴ ልጅ "ደሴ" ተብሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ስንቱን በእጄ ሳርም ኖሬያለሁ! ምርጫዎቹ ውስጥ የአይስላንድ የሚልም አለ። እነሱም በአባት ስም ነው የሚጠሩት፣ ግን ስሙ ላይ "ሶን" ስለሚቀጥልበት ለእኛ አይሆንም። ልጁ "ምንም አትሙላ" የሚለው ላይ አደረገልኝና ተገላገልኩ።

እያንዳንዱን ነገር በአማርኛ እያስረዳ፣ እኔው ራሴ እንድጫነው እያደረገ ነው የሠራው። ያስከፈለኝ የአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ግን ተቀምጧል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከሥራ የሚወጣው ማታ ስለሆነ ቀን ባያነሳ ደግማችሁ ሞክሩ።